ከአሥር ሦስት ተኩል፦ ቀይ እስክሪብቶው ምን እያለ ነው?

ጥያቄ፦ እንደምን ከረማችሁ። ከመንዝ ጌራ መጥቼ ደብረ ብርሃን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ በሲ አለፍኩ፤ አሁን ሁለተኛውን ይዘናል። ከ15 በታረመው ቴስት 8 አገኘሁ። ከ10 የሚያዘው የአንቀጽ አሳይመንት ላይ ግን 3.5 ተሰጠኝ። መምህሩ በቀይ «ቶፒክ ሴንተንስ የት አለ?»፣ «ሰፊ ነው»፣ ታች ደግሞ «ኮፒ» ብሎ ጽፎበታል። አንቀጹን መጀመሪያ በአማርኛ ጽፌ በስልክ ነው ያስተረጎምኩት፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከኢንተርኔት ወስጃለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከ15 የሚያዝ ባለ አምስት አንቀጽ ድርሰት እናስረክባለን፤ ከ400 እስከ 500 ቃል፣ ቢያንስ ሦስት ምንጭ፣ ኤፒኤ በሚባለው የምንጭ አጠቃቀስ ሥርዓት። ቀጥሎ በአምስት ሰው ቡድን የሰባት ደቂቃ ፕረዘንቴሽን አለ፣ ከ10። ፋይናሉ 50 ነው። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። የዶርም ልጆች ይህን ኮርስ የወደቀ ይባረራል ይላሉ። ምን ላድርግ? አንቀጹን አብሬ ልኬላችኋለሁ።
የመንዟ

መልስ፦ እህታችን፣ መጀመሪያ የሚያስፈራሽን ነገር በቁጥር እንየው። እስካሁን ከ25 የያዝሽው 11.5 ነው። ገና ያልተነካ 75 አለ፤ ድርሰቱ 15፣ ፕረዘንቴሽኑ 10፣ ፋይናሉ 50። ሲ በ50 የሚጀምር ከሆነ የሚጎድልሽ 38.5 ነው፤ ከቀረው 75 ግማሹን ትንሽ አለፍ ማለት ነው። ሲ ፕላስ በ60 ከሆነ 48.5፣ ቢ ማይነስ በ65 ከሆነ 53.5 ያስፈልግሻል። ይህን ስሌት ደብተርሽ ሽፋን ላይ ጻፊውና አንድ ውጤት በመጣ ቁጥር አስተካክዪው። «ይባረራል» የሚባለው ነገር የሚወሰነው በሴሚስተሩና በጠቅላላው ጂፒኤ እንጂ በአንድ ኮርስ ግሬድ አይደለም። ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ በሲ 6 ነጥብ፣ በሲ ማይነስ 5.25 ያስገባል። ስለዚህ የዶርሙን ወሬ ትተሽ ያለፈውን ሴሚስተር ግሬድ ሪፖርት ይዘሽ ሬጅስትራር ሂጂ፤ በግቢው መተዳደሪያ ደንብ መሠረት ስንት ጂፒኤ ማስጠንቀቂያ፣ ስንት ጂፒኤ ስንብት እንደሚያስከትል አስነብቢ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፣ የሦስት ሳምንት እንቅልፍ ይመልስልሻል።

አሁን ወደ ቀዩ እስክሪብቶ። መምህርሽ ከጻፋቸው ሦስት አስተያየቶች አንዱም ስለ ሰዋስው አለመሆኑን ልብ ብለሻል? «እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ነው» ብለሽ ደምድመሽ ከሆነ ወረቀቱ እንዲያ አይልም። ቶፒክ ሴንተንስ (የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የሚይዘው ዓረፍተ ነገር)፣ የርእስ ስፋት፣ ኮፒ። ሦስቱም የእንግሊዝኛ ቃላት ብዛት የማይጠይቁ፣ ትእዛዙን አንብቦ በመሥራት የሚስተካከሉ ነገሮች ናቸው። እዚህ ኮርስ ላይ ነጥብ የሚያፈሰው ተማሪ በአብዛኛው የሚያፈሰው በዚሁ በኩል ነው። ሁለት ወር ሙሉ የግስ ሠንጠረዥ ሲሸመድድ ይከርምና የአሳይመንቱን ወረቀት አንዴ አይቶ ያጥፈዋል።

አንቀጽሽን አየነው። እንግሊዝኛውን እዚህ ከመገልበጥ ሐሳቡን በአማርኛ እናስቀምጠው። «አካባቢ ለሰው ልጅ በጣም ጠቃሚ ነው» ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ ከጥንት ጀምሮ ሰው በተፈጥሮ ላይ እንደሚኖር ይናገራል። ከዚያ ደን መጨፍጨፍ፣ ከዚያ የፋብሪካ ጭስ፣ ከዚያ የአየር ንብረት ለውጥ ይመጣል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው ከኢንተርኔት የመጡት፣ ቋንቋቸው ብቻውን ያጋልጣቸዋል። መጨረሻ ላይ «ስለዚህ ሁላችንም አካባቢያችንን እንጠብቅ» ይላል። ስምንት ዓረፍተ ነገር፣ አምስት ጉዳይ። የትኛውንም ዓረፍተ ነገር ብታወጪው ሌላው አይጎዳም፤ አንቀጽ አለመሆኑን የምታውቂው በዚህ ነው። በደንብ የተሠራ አንቀጽ ውስጥ አንዱን ዓረፍተ ነገር ስትስቢ ቀጣዩ ይወድቃል።

ቶፒክ ሴንተንስ ሁለት ነገር ይይዛል፤ ስለ ምን እንደምትናገሪና ስለዚያ ነገር ምን እንደምትዪ። «አካባቢ ጠቃሚ ነው» የመጀመሪያውን እንኳ በደንብ አልያዘም። ማንም ሊከራከርሽ የማይችል ዓረፍተ ነገር ቶፒክ ሴንተንስ አይሆንም፤ ክርክር ከሌለ ቀጣዮቹ ዓረፍተ ነገሮች የሚያስረዱት ነገር የላቸውም። አንድ መፈተኛ እንስጥሽ፦ ዓረፍተ ነገሩን ጻፊና ከጎኑ «እንዴት?» ወይም «ለምን?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ በአራትና በአምስት ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ከሆነ ደህና ነው። መልሱ መጽሐፍ የሚያህል ከሆነ ሰፊ ነው። መልስ ከሌለው ደግሞ ባዶ ነው።

የመንዝ ልጅ ሆነሽ ስለ አካባቢ ጥበቃ ስትጽፊ ጓሳን፣ ማኅበረሰቡ የሚጠብቀውን የመንዝ የሣር ደጋ፣ መተውሽ ነው የገረመን። ከኢንተርኔት የተቀዳ የፋብሪካ ጭስ የሁሉም ተማሪ አንቀጽ ውስጥ አለ፤ ጓሳ ግን የሣሩን ስም እንኳ ሰምቶ ለማያውቅ አንባቢ አዲስ ነገር ነው፣ ላንቺ ደግሞ የምታውቂው ነው። ርእሱን በደረጃ አጥብቢው። «አካባቢ ጥበቃ»፤ «አካባቢ ጥበቃ በሰሜን ሸዋ»፤ «የጓሳ ጥበቃ»፤ «የጓሳ ሣር መከለል ለቀይ ቀበሮ ያስገኘው ጥቅም»። አራተኛው ላይ ስትደርሺ የአንቀጽ መጠን ሆነ። ሦስተኛው ለአምስት አንቀጽ ድርሰት ይበቃል። ሁለተኛው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው።

የተስተካከለው አንቀጽ ይህን ሊመስል ይችላል (አንቺ በእንግሊዝኛ ትጽፊዋለሽ፤ እኛ አጥንቱን ብቻ እናሳይሽ)፦

«የጓሳ ሣር በየጊዜው እየተከለለ መቆየቱ ቀይ ቀበሮን ጠቅሟል። ሣሩ ሲከለል አይጥ መሸሸጊያና መኖ ያገኛል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ በአብዛኛው የሚኖረው አይጥ እያደነ ነው። ሣሩ ያለ ልክ ሲታጨድና ሲጋጥ አይጡ ይመናመናል፤ ቀበሮውም የሚበላው ያጣል። ገበሬው ለቤት ክዳንና ለገመድ ብሎ የጠበቀው ሣር የቀበሮው ጓዳ ሆነ ማለት ነው።»

አምስት ዓረፍተ ነገር ነው። የመጀመሪያው ይናገራል፤ ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው «እንዴት?» ለሚለው ይመልሳሉ፤ አምስተኛው አዲስ ሐሳብ ሳያስገባ ይዘጋል። ሦስተኛውን አውጪና እዪው፤ አይጥና ቀበሮ ምን እንደሚያገናኛቸው ይጠፋል። ምንጭ የሚያስፈልጋቸው ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ናቸው፤ የመጀመሪያው ያንቺ ድምዳሜ ነው። መካከለኛ ተማሪ ምንጩን የሚሰካው በተቃራኒው ነው፦ ማንም የሚያውቀውን ዓረፍተ ነገር ላይ ይጠቅሳል፣ ማስረጃ የሚሻውን ባዶ ይተወዋል።

አማርኛችን ቁም ነገሩን መጨረሻ ላይ ማምጣት ይወዳል። ግሱ ራሱ ዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ሰሚው እስኪመጣ ይጠብቃል። ደብዳቤ ስንጽፍም ከሰላምታ፣ ከጤናና ከአገር ደህና መሆን ቀጥሎ ነው ጉዳዩ የሚነሳው፤ ያንቺም ደብዳቤ «እንደምን ከረማችሁ» ብሎ ነው የጀመረው፣ ደግ አድርገሻል። የእንግሊዝኛ አንቀጽ አንባቢ ግን እንዲህ አይጠብቅም። ፍርዱን መጀመሪያ አስቀምጪለት፣ ምክንያቱን ከዚያ ደርድሪ። የጻፍሽው አንቀጽ ላይ ጥሩው ሐሳብ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሆኖ ታገኚዋለሽ። ቆርጠሽ ወደ ላይ አውጪው፤ ግማሹ ችግር እዚያው ይቃለላል።

ወደ ድርሰቱ እንሂድ። ከ400 እስከ 500 ቃል ሲባል 430 ላይ አልሚ። መግቢያው 70 ቃል ገደማ፣ ሦስቱ የመሐል አንቀጾች እያንዳንዳቸው 100፣ መደምደሚያው 60። በእጅ ስትጽፊ ለመቁጠር አትድከሚ፤ ሦስት መስመር ቆጥረሽ አማካዩን ውሰጂና በመስመሩ ብዛት አባዢው። የመግቢያው የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ቴሲስ ይባላል፤ ድርሰቱ ሁሉ የሚንጠለጠልበት ማገር ነው። ለምሳሌ፦ «የጓሳ ሣር በማኅበረሰቡ ጥበቃ ሥር መቆየቱ ለገበሬው ኑሮ፣ ለዱር እንስሳትና ለውኃ ምንጮች ጠቅሟል።» ይህ ዓረፍተ ነገር ሦስቱን የመሐል አንቀጾች በቅደም ተከተል ነግሮሻል። ሁለተኛው አንቀጽ ስለ ክዳን፣ ስለ ገመድና በድርቅ ጊዜ ስለሚገኘው ግጦሽ፤ ሦስተኛው ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ጭላዳ፤ አራተኛው ከደጋው ስለሚነሱት ምንጮችና ወንዞች። ቅደም ተከተሉ ቢዛባ፣ ማለትም ቴሲሱ ገበሬውን አስቀድሞ ድርሰቱ ከውኃ ቢጀምር፣ ነጥብ ይቀነሳል፤ አራሚው ቴሲሱን እንደ ካርታ ይዞ ነው የሚያነበው።

መግቢያውን መጀመሪያ ለመጻፍ አትታገዪ። ቴሲሱን ጻፊ፣ ቀጥሎ ሦስቱን የመሐል አንቀጾች፣ ከዚያ መደምደሚያውን፣ የመግቢያውን የመጀመሪያ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች በመጨረሻ። መግቢያውን «ከዓለም መፈጠር ጀምሮ» ከሚል ነገር አድኝው። ጓሳ የት እንዳለ፣ ሣሩ ለምን እንደሚፈለግ፣ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሰሞን የቀድሞው የመጠበቂያ ሥርዓት እንደፈረሰ ብትነግሪ ይበቃል፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ቴሲስ። መደምደሚያው ላይ ደግሞ አዲስ መረጃ አታስገቢ። «መንግሥት ትኩረት ይስጥ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር የሚያውቃት ሁሉ ሰልችታዋለች፤ ድርሰትሽ ስለ መንግሥት ካልሆነ ተያት።

ምንጭ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ «ኮፒ» የተባልሽው እዚህ ላይ ነውና። ስም ጠቅሰሽም ቢሆን የሰውን ዓረፍተ ነገር ያለ ትእምርተ ጥቅስ ማስገባት ኮፒ ነው። አራት ቃል ቀይረሽ የቀረውን መተውም ኮፒ ነው። ይሄኛው ነው ብዙ ተማሪ የማያውቀው፤ «ግን እኮ ቀይሬዋለሁ» ብሎ የሚከራከረውም በዚህ ነው። ማምለጫው እንዲህ ነው። ጽሑፉን አንብቢ፣ ዝጊው፣ ተነሺ። የዶርም ጓደኛሽን ያዢና ያነበብሽውን በአማርኛ ንገሪያት። ስትነግሪያት ከተንተባተብሽ አልገባሽም፤ ተመልሰሽ አንብቢ። ከገባሽ ጽሑፉን ሳትከፍቺ ለእሷ የነገርሻትን በቀላል እንግሊዝኛ ጻፊ። ከዚያ በኋላ ብቻ ከምንጩ ጋር አስተያዪ፤ አምስትና ከዚያ በላይ ቃል በተከታታይ ከገጠመ ወይ ቀይሪው፣ ወይ በትእምርተ ጥቅስ እሰሪው። አማርኛሽን ለዚህ ሥራ ተጠቀሚበት፤ ለማጣሪያ የሚሆን ነው።

ምንጭ ስታነቢ የደራሲውን ስም፣ ዓመቱን፣ ርእሱን፣ የታተመበትን መጽሔት ወይም አሳታሚ፣ ገጹን እዚያው ጻፊ። «በኋላ እመለስበታለሁ» ያለ ተማሪ ማስረከቢያው ዋዜማ ማታ ኔትወርክ ሲጠፋ የት እንዳነበበው አያገኘውም። ስለ ጓሳ በጥናት መጽሔቶች ላይ የወጡ ጽሑፎች አሉ፤ በላይብረሪው ኢንተርኔት በጎግል ስኮላር ፈልጊ። ዊኪፔዲያን እንደ በር ተጠቀሚበት እንጂ እንደ ቤት አትግቢበት፦ ታች ያሉትን ምንጮች ተከትለሽ ሂጂ። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ያሳተመው ሪፖርት ካገኘሽ እሱም ምንጭ ነው፤ ደራሲው የመሥሪያ ቤቱ ስም ይሆናል።

ኤፒኤ ስም የሚጽፈው የቤተሰብ ስም አስቀድሞ፣ የራስን ስም በመጀመሪያ ፊደል አሳጥሮ ነው። እኛ ጋ ግን የቤተሰብ ስም የለም። «አበበ ከበደ» የተባለ ጸሐፊ ቢኖር ከበደ አባቱ ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ የታተመ መጽሐፍ ሲሆን ሙሉ ስሙን ሳይገለብጡ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ውጭ አገር የታተመ የጥናት ጽሑፍ ሲሆን ደግሞ መጽሔቱ ራሱ ገልብጦ ያወጣውን እንዳለ ውሰጂ። መምህሩ የሚፈልገውን አንዴ ጠይቂውና ሦስቱንም ምንጭ በዚያው አካሄድ ጻፊ፤ ነጥብ የሚያስቀንሰው መደበላለቁ ነው። ሌላው ወጥመድ ዓመቱ ነው። በ2010 ዓ.ም. የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ ላይ 2010 ብለሽ ብቻ ብትጽፊ አንባቢው የፈረንጆቹን 2010 ይመስለዋል፤ ሰባት ስምንት ዓመት ተሳሳትሽ ማለት ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ለወጣ 7፣ ከዚያ በኋላ ለወጣ 8 ደምሪ። ወሩ ካልታወቀ «2017/18» ብለሽ ጻፊ፣ ወይም የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ከጎኑ አመልክቺ። ደግሞም ድርሰቱ ውስጥ የተጠቀሰ ሁሉ መጨረሻ ዝርዝሩ ላይ ይኑር፤ ዝርዝሩ ላይ ያለ ሁሉ ድርሰቱ ውስጥ ይጠቀስ። በእስክሪብቶ አንድ በአንድ እያመለከትሽ አመሳክሪው።

በስልክ እንዳስተረጎምሽ ነግረሽናል። ፋይናሉ በእጅ የሚጻፍ 50 ነጥብ ነው፤ ስልኩ እዚያ አይገባልሽም። የተተረጎመ ድርሰት ለ15 ነጥብ ቢጠቅም እንኳ ለ50ው ልምምድ አሳጣሽ ማለት ነው። በዚያ ላይ አማርኛ ረጅም ሰንሰለት ይወዳል። «ማልዶ ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ በሬውን ጠምዶ፣ እስከ ቀትር አርሶ ተመለሰ» አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ስድስት ግስ አለው፣ አማርኛው እንከን የለውም። ይህን ለስልክ ስትሰጪው በኮማ የተንጠለጠለ፣ ባለቤቱ መሐል ላይ የጠፋ እንግሊዝኛ ይመልስልሻል። እቅዱን በአማርኛ አውጪ፣ ዓረፍተ ነገሩን ግን በቀጥታ በእንግሊዝኛ ጻፊ፣ ቢሰበርም። ከ20 ቃል የበለጠ ዓረፍተ ነገር ካየሽ ሁለት ቦታ ክፈዪው። አንድ ቃል ሲጠፋሽ መዝገበ ቃላት ወይም ስልክ መጠየቅ ሌላ ነገር ነው፣ ነውር የለበትም። ቻትጂፒቲና መሰሎቹንም «ይህ ዓረፍተ ነገር ለምን ተሳሳተ?» ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ፣ መምህሩ ካልከለከለ። ጻፉልኝ ማለት ግን ሌላ «ኮፒ» ነው። ምንጭ ስጡኝም አትበያቸው፤ የሌለ መጽሐፍ ከነገጹ ጠቅሰው ይሰጡሻል፣ መምህሩም ፈልጎ ያጣዋል።

ሰዋስውን ድርሰቱ ካለቀ በኋላ፣ አንድ ቀን አሳድረሽ፣ አንድ ስሕተት በአንድ ዙር እዪው። ከአማርኛ የሚመጡት የታወቁ ናቸው። አማርኛ «ምንም እንኳ ቢዘንብም፣ ገበሬው ግን አጨደ» ሲል ሁለት ማያያዣ ይፈቅዳል፤ በእንግሊዝኛ «ኦልዞው» ካለ «በት» አይገባም። «ቢኮዝ» ካለም «ሶ» አይደገምም። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስ አባውት» ይመጣል፤ «አባውት»ን ሰርዢ። አማርኛ ከቁጥር በኋላ ማብዛት አይወድም፣ «አምስት ልጅ» ይበቃዋል፤ እንግሊዝኛ ግን «ፋይቭ ቻይልድ» አይልም። («አምስት በግ» ላይ ብቻ የመንዝ ሰው ይድናል፤ «ሺፕ» ሲበዛም «ሺፕ» ነው።) «ዘ» እና «ኤ» ሲያምታቱሽ በአማርኛ ብዪው፦ «ሣሩ» ያልሽበት ቦታ «ዘ»፣ «አንድ መንደር» ያልሽበት ቦታ «ኤ»። ሁልጊዜ ባይሠራም አብዛኛውን ጊዜ ያድናል። ሦስተኛ መደብ ነጠላ ላይ የምትወድቀዋን «ኤስ» ለመያዝ ደግሞ ድርሰቱን ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ወደ መጀመሪያው እያነበብሽ ተመለሺ፤ ታሪኩ ስለማይጎትትሽ ዓይንሽ ፊደሉ ላይ ይቆያል።

ከግቢ ውጭ ጽሕፈት ቤት የምታስተይቢ ከሆነ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ስክሪኑ ላይ አንብቢው። ተያቢው እጅ ጽሑፍሽን አንብቦ የገመተውን ነው የሚመታው፤ ስሕተቱ ግን በስምሽ ይታረማል። ሶፍት ኮፒውን በፍላሽም በቴሌግራምም ለራስሽ ላኪ።

ጊዜውን እንዲህ ክፈዪው። የመጀመሪያው ሳምንት ለርእስ፣ ለቴሲስና ለምንጭ ብቻ ነው፤ አንድ አንቀጽ እንኳ አትጻፊ። በዚያው ሳምንት ቴሲሱን አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈሽ መምህሩ ቢሮ ሂጂ። ይሉኝታ ይዞሽ ይሆናል፣ ደግሞ 3.5 የሰጠሽ ሰው ፊት መቆም ይከብዳል። ነጥብ ለማስጨመር ግን እንዳልመጣሽ ከአፍሽ የሚወጣው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ይንገረው፦ «መምህር፣ ባለፈው ርእሴ ሰፊ ነው ብለውኝ ነበር፤ አሁን ይህን አጥብቤያለሁ፣ ለአምስት አንቀጽ ይሆናል?» ይህ በሁለት ደቂቃ የሚመለስ ጥያቄ ነው። «ድርሰት እንዴት ይጻፋል?» የሚል ተማሪ ግን «ሞጁሉን አንብብ» ተብሎ ይሸኛል፤ መልሱ ትክክል ነው። ሁለተኛው ሳምንት ለመጻፍ፣ በቀን አንድ አንቀጽ። ሦስተኛው ለማረምና ለማስተየብ፤ ማስረከቢያው ሁለት ቀን ሲቀረው እጅሽ ላይ አልቆ ይደር፣ መብራት ይጠፋልና።

ፕረዘንቴሽኑ ላይ ድምፅሽ የሚጠፋው ብዙ ስለምትሸመድጂ ሊሆን ይችላል። ሰባት ደቂቃ 420 ሰከንድ ነው፤ ለአምስት ሲካፈል 84። ተራ ሲቀያየር የሚባክነውን ቀንሺና 80 ሰከንድ ያዢ። በዝግታ ለሚናገር ሰው ይህ 140 ቃል ግድም ነው፤ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም፣ የደብተርሽን ግማሽ ገጽ ብቻ። ከዚህ በላይ አትጻፊ። በቃልሽ የምትይዢው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮችና የመጨረሻውን ብቻ ነው፤ መሐሉን በአራት ቁልፍ ቃል በትንሽ ካርቶን ያዢ። ሙሉውን የሸመደደ ሰው አንድ ቃል ሲጠፋው ሁሉ ይጠፋዋል። ባዶ ክላስ ፈልጊ፣ ቁሚ፣ አንድ ጓደኛሽን የመጨረሻው ረድፍ ላይ አስቀምጪና ካልሰማች እጅ እንድታወጣ አድርጊ፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አራት ቀን። የደብረ ብርሃን ጠዋት ጋቢ ውስጥ ጠቅልሎ እንደሚያናግር እናውቃለን፤ ልምምዱ ላይ ግን ጋቢውን ከአፍሽ አውርጂው። አነጋገርሽ መንዝ መንዝ ቢል የሚቀንሰው ነጥብ የለም፤ አለመሰማት ግን ያስቀንሳል።

ቡድናችሁ «አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ ስላይድ ይሥራ፣ አንዱ ይናገር» ብሎ እንዳይከፋፈል። መምህሩ ጥያቄ የሚጠይቀው ዝም ያለውን ነው። እያንዳንዱ የራሱን ክፍል ይጻፍ፣ የራሱን አንድ ስላይድ ይሥራ፣ የራሱን ይናገር። ስላይዱ ላይ ከአምስት መስመር አይብለጥ፣ ፊደሉ ከ24 አይነስ፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይኑርበት፤ ካለበት ዞራችሁ ታነቡታላችሁ፣ ጀርባችሁን ለክላሱ ትሰጣላችሁ። ሁለት ጊዜ በሰዓት ለክታችሁ ተለማመዱ። የመጀመሪያው ተናጋሪ ሁልጊዜ ያስረዝማል፤ ሲያስረዝም የሚቆረጠው አምስተኛው ነው። አንቺ አምስተኛ አትሁኚ፤ ሁለተኛነቱን ለምኚ። ፋይሉን በፒዲኤፍም አስቀምጡት፤ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ፊደሉ አይበታተንም። ፕሮጀክተሩ እምቢ ካለ ደግሞ የስላይዶቹ አንድ ሀርድ ኮፒ ለመምህሩ በእጃችሁ ይኑር።